ዝጋው የሚሉት ሰው

ከቂርቆስ ካዛንቺስ በሚመላለሱ ታክሲዎች ላይ አጽብሃን የማያውቅ ረዳት አልነበረም። በስሙ ግን ማንም አይጠራውም፤ «ዝጋው» ነው የሚሉት። ገና እግሩን ሳያስገባ መስኮት መስኮቱን ያያላ! ጣት የምታስገባ ክፍተት ካገኘ «ዝጋው» ይላል፤ እምቢ ያለውን ተሳፋሪ ወራጅ እስኪል ድረስ ስለ ሳንባ ምች ሲሰብከው ይሄዳል። በበጋም በክረምትም አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ነው የሚውለው። ሰው ይስቅበታል። መሳቁንስ ይሳቅ፣ ግን የሰውየውን ነገር ማወቅ ይቀድማል።

ሚስቱ ሲምረት ከመቀሌ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ስትመጣ ሳል ያዛት፤ ሳትከርም አረፈች። ሐኪሙ ለበሽታው ሌላ ስም ሰጥቶት ነበር። ሰፈሩ ግን «ነፋስ መቷት ነው» አለ፤ አጽብሃም ከዚያ ወዲህ ከነፋስ ጋር ደመኛ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

ታዲያ ወደዚህ ሰው ነው ጋሽ ብርሃነ የጣሪያ ቬንትሌተር ግጠምልኝ ብለው የመጡት። አጽብሃ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ በሙያው ማንም አያማውም። ጋሽ ብርሃነ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቱሪስት ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ማንም ያልፈለጋትን፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላትን አሮጌ መኪና ካዛንቺስ ግቢያቸው አስገብተዋል። ባለቤታቸው እትዬ እጸገነት አስም አለባቸው። ድሬዳዋ ያለችው ታላቅ እህታቸው በጠና ታማ፣ ሳልሞት ዓይንሽን ልየው ብላ ልካለች። በአውቶቡስ ሞክረው ነበር፤ ተሳፋሪው መስኮቱን ሁሉ ጠርቅሞት ናዝሬት ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራቸውና ወርደው ተመለሱ። አሁን የቀራቸው ተስፋ በዚህች መኪና ጋደም ብለው፣ አየር እያገኙ መሄድ ነው። ይህ ካልሆነ እህታቸውን በሕይወት አያገኟትም።

አጽብሃ ይህን ሲሰማ ፎጣውን አጠበቀ። ለታመመ ሰው፣ ለዚያውም በተኛበት፣ አናት ላይ ነፋስ! እምቢ ማለት አማረው፤ ጋሽ ብርሃነን እምቢ ማለት ግን ነውር ሆነበት። ጣሪያው ላይ የነበረውን የዛገ አየር ማስገቢያ ነቀለ፣ ቀዳዳውን አሰፋ፣ አዲሱን ቬንትሌተር በብሎን አሰረ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን ማስቲሽ ቀባ። ሽቦውን ከባትሪው አገናኝቶ ሲያበራው ነፋሱ ቁልቁል ትራሱ ላይ ወረደ። እዚያ ትራስ ላይ ሲምረት የተኛች መሰለው። ጋሽ ብርሃነ ወደ ቤት ገባ ሲሉ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየራቸው። ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረና አየሩን ከውስጥ እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋ ጀመር። በቃ፣ አሁን ማንንም አይመታም አለ በሆዱ፤ ስለት እንዳስገባ ሰው ቀለለው።

በማግስቱ እትዬ እጸገነት አልጋው ላይ ጋደም አሉና ለሙከራ መስቀል አደባባይን ዞረው ሊመለሱ ወጡ። አጽብሃም አብሮ ገባ፤ እንደ ልማዱ ሳይቀመጥ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋጋ። ቬንትሌተሩ ከላይ ይጮሃል፣ ውስጡ ግን ታፈነ። አደባባዩ ጋ ሳይደርሱ እትዬ እጸገነት ተነስተው ቁጭ አሉ፤ ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። ጋሽ ብርሃነ መኪናዋን ጥግ አስይዘው፣ ዞረው ገብተው የሚስታቸውን ጀርባ እያሹ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። አልተቆጡም። ይሄ ነገር አይሆንም፣ ድሬዳዋም ቀረ አሉ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

አጽብሃ ያኔ ጥፋቱ ገባው። አየር እንዲወጣ የሚገባበት ይፈልጋል፤ ሁሉን ዘግቶ ምኑን ይሳበው? ከሰል ያቀጣጠለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እሱም ያውቀው ነበር፤ ፍርሃቱ ነው ያስረሳው።

እትዬ እጸገነት እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ።

«ክፈተው» አሉት።

ሲምረትም በመጨረሻዋ ቀን እንዲሁ ብላው ነበር። ክፍሉ በጎረቤት ተሞልቶ፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፎ፣ ክፈተው አለችው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ፣ ደግሞም ስለሚወዳት፣ አልከፈተላትም። ምስኪን፣ ይህን ለማን ይናገረው? ስንት ዘመን ሆዱን ሲበላው ኖረ።

አሁን ግን ከፈተው። በእግራቸው በኩል ያለውን፣ ዝቅ ያለውን መስኮት ነው የከፈተው። አየሩ ከታች ገባ፣ ቬንትሌተሩም እየሳበ በላይ አወጣው። ቆየት ብሎ ፉጨቱ ረገበ፤ የእትዬ እጸገነት ትከሻ ወረደ። አጽብሃ ሽቦውን ማቀያየሩን ያኔ ተናገረ፤ ልመልሰው ወይ ብሎም ጠየቀ። ጋሽ ብርሃነ ሚስታቸውን አዩ።

«አትንካው» አሉ እትዬ እጸገነት። «መስኮቱን ብቻ እንዳትዘጋብኝ።»

መስኮቱ አሮጌ ነውና መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ እየተንሸራተተ ይዘጋል። አጽብሃ የሚወትፍበት ነገር ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ ፎጣውን ከአንገቱ ፈታና አጥፎ ሸጎጠበት።

በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ገቡ፤ እህትየዋም በሕይወት ቆየቻቸው። ፎጣው ከመስኮቱ ጋር እንደሄደ ቀረ፤ አጽብሃም መልሱልኝ አላለም።