መብራት የጠፋ ሰሞን የከሰል ዋጋ
ሰፈርተኛው «እትዬ ከሰል» የሚላቸው ባልቴት ሃያ ዓመት ከሰል ቸርችረው ሦስት ልጆች አሳድገዋል። መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን የከሰል ዋጋ በእጥፍ ሲያሻቅብ፣ «በጎረቤት ችግር አልከብርም» ብለው በድሮው ዋጋ ሸጡ። ረፋድ ላይ አንድ ነጋዴ መጥቶ ያላቸውን ጆንያ ሁሉ ጠቅልሎ ገዛና መንገድ ተሻግሮ በእጥፍ ቸረቸረው። ሕፃን ያዘለች ጎረቤታቸው ባዶ ጣሳ ይዛ ስትመጣ እትዬ አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ነካኝ ልጄ! ለሁላችሁ ያልኩትን ለአንዱ አስረከብኩት» አሉና ለራሳቸው ካስቀመጡት ሰጧት።

በማግስቱ ሌላ ከሰል በውድ አስመጥተው ዋጋ ጨመሩ፤ ለአንድ ቤት ግን ከአንድ ጣሳ በላይ አልሸጥም አሉ። ነጋዴው ተመልሶ «በገንዘቤ ነው እኮ!» ቢላቸው፣ «እንግዲያው እንደ ሰው ተሰለፍና አንድ ጣሳህን ውሰድ» አሉት። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። የዚያን ቀን ከሰሉ ለሁሉም ተዳረሰ።