ሸምሲያ ሻንጣዋን ይዛ ለፈተና የሄደች ዕለት

ሸምሲያ ኢስሐቅ መካ ተወልዳ መካ ያደገች፣ ግን ስሟ መካ ውስጥ የትም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ልጅ ነበረች። አባቷ ኢስሐቅ ከወሎ፣ ከሐርቡ ለዑምራ መጥቶ እዚያው ቀርቷል። ኋላ ደግ ከፊል፣ ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ አግኝቶ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣና ዛሂር ሰፈር ላለ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሐሪስ ሆነ፤ ዘበኛ ማለት ነው። የሐሪስ ኢቃማ ደግሞ ቤተሰብ አያስገባም። እናቷም ለዑምራ መጥታ የቀረች ናት። ሸምሲያንና ሁለት ታናናሾቿን የወለደችው ሕንፃው ሥር ባለችው የዘበኛ ክፍል ሲሆን፣ ሦስቱም ልጆች ወረቀት አልነበራቸውም።

ወረቀት ባይኖራትም አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ አልነበረችም። ገና በአስራ ሁለት ዓመቷ የሕንፃው ልጆች የሒሳብ የቤት ሥራቸውን እየያዙ ወደ ዘበኛው ክፍል ይወርዱ ነበር። ሳዑዲው፣ ሶሪያዊው፣ ፓኪስታኒው ሁሉ ደረጃው ላይ ይደረደርና እሷ ከታች ቆማ በመካ ዓረብኛ ታስረዳቸዋለች። ሒሳብን የወደደችበት ምክንያት ነበራት። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር መቶ ሰማንያ ለመሆኑ የማንም ፈቃድ፣ የማንም ከፊል አያስፈልግም። አንዴ ካረጋገጥሽው አለቀ፣ ኸላስ።

እናቷ ታናናሾቿን ይዛ ኮምቦልቻ ስትገባ ሸምሲያ ግን አስራ ሁለተኛን ልጨርስ ብላ ቀረች። ጅዳ፣ ሰቢል ውስጥ አክስቷ ዘንድ እያደረች በኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲው ትምህርት ቤት ተማረች፤ ሐሙስ ሐሙስ ወደ አባቷ ትመለሳለች። ውጤቷ ሲመጣ ሒሳብ ዘጠና ስድስት ሆነ። እንግሊዝኛው ያን ያህል አልነበረም፤ አማርኛዋም ቢሆን መሀል መሀሉን ዓረብኛ ይሞላዋል።

ከዚያ በኋላ የአባትና የልጅ ክርክር ተጀመረ።

«ምን ልትማሪ ነው አሳብሽ?» አለ ኢስሐቅ።

«ሒሳብ።»

«እሱንማ ጨረስሽው። ሙሃሲብ ሁኚ ልጄ። ከፊሌ ዐም ሳሊም ዘንድ የሚመጣውን ግብፃዊ አታይውም? ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ነው የሚውለው።»

«አባ፣ እሱ እኮ የሚሠራው አካውንቲንግ ነው። እኔ የምልህ ሌላ ነው።»

«በአማርኛ ያው ሁለቱም ሒሳብ ነው!» አለ ኢስሐቅ፤ ነገሩ የተዘጋ መስሎት።

አልተዘጋም። ክረምቱን ሙሉ ቆየና የፈታችው የሒሳብ መምህሯ ወይዘሮ ጌጤነሽ ሆነች። ጌጤነሽ የአየር መንገድ ሠራተኛ ባለቤት ናት፤ ክርስቲያን ስለሆነች መካ አትገባም፤ ስለዚህ ሸምሲያን ስትፈልግ ወደ ጅዳ ታስጠራታለች። ከዕረፍት እንደተመለሰች ጠራቻትና ከቦርሳዋ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣች።

«ይኸውልሽ። ሀገር ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና አካውንቲንግን አጣምሮ ባንድ ዲግሪ ሊያስተምር ነው። ውጭ ላሉ ልጆችም ቦታ ይዟል፤ መግቢያ ፈተናውን እዚሁ ትምህርት ቤታችን መጥተው ይሰጣሉ። አባትሽም አንቺም አትጣሉም።»

ሸምሲያ ወረቀቷን እዚያው ቆማ አነበበችው። መስፈርቱ ዘጠኝ ተራ ቁጥር ነበር። ለመግባት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ከሰማንያ በላይ፣ የምስክር ወረቀቱ ዋናው ቅጂ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም የቃል ጥያቄ። ለመመረቅ ደግሞ መቶ አርባ አራት ክሬዲት፤ ስልሳ ሁለቱ ከሒሳብ ክፍል፣ ሃምሳ አራቱ ከአካውንቲንግ፣ የቀረው የጋራ ትምህርት። ካልኩለስ ሦስት ጊዜ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፤ በሌላ በኩል የወጪ ሒሳብ፣ ግብር፣ ኦዲት። ግማሽ ዓመት መሥሪያ ቤት ገብቶ መለማመድ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት አንድ የጥናት ጽሑፍ። አማካይ ውጤት በሁለቱም ክፍል ለየብቻው ሁለት ነጥብ ካልሞላ ዲግሪው አይሰጥም።

«ለየብቻው ይላል» አለች ሸምሲያ።

«አዎ። አንዱ ሌላውን አይሸፍንልሽም። ከባድ ነው።»

«ጥሩ ነው እንጂ ቲቸር። እንደዚያ ካልሆነማ ምኑን ተጣመረ?»

ጌጤነሽ ሳቀችና ስሟን አስመዘገበች። የፈተናው ቀን ከሐጅ በኋላ፣ ኅዳር ሰባት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዘመኑ የምሕረት ጊዜው ዘመን ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ወረቀቱን እንዲያስተካክል፣ አለዚያም ሳይቀጣ ከሀገር እንዲወጣ መንግሥት የሰጠው ቀን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያልቃል። የሰቢል ጎዳናዎች ቀን በቀን እየሳሱ ሄዱ። ግማሹ ሻንጣውን አስሮ ሄደ፤ ግማሹ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። አክስቷ በምሕረቱ ወጣች። ኢስሐቅም ልጁን አስቀምጦ፣

«አንቺም ከሷ ጋር ውጪ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ተይዘሽ በተርሂል፣ በተባራሪ ማቆያው፣ በኩል ነው የምትሄጂው፤ አሻራ ይወስዱሻል፣ መመለስ የለም» አላት።

«ተራ ቁጥር ሰባት» አለች ሸምሲያ፤ ወረቀቷን ማውጣት እንኳ አላስፈለጋትም። «ተፈታኝ የሚፈተነው በተመዘገበበት ቦታ ብቻ ነው ይላል። ኮምቦልቻ ብሄድ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። ፈተናዬን ጅዳ ተፈትኜ፣ በዚያው ዕለት ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ።»

«ወላሂ አብደሻል። እያወቅሽ እጅሽን?»

«ይዘውኝ ከሚሄዱ እኔ ብሄድ አይሻልም? አሻራው ደግሞ ምን ያደርገኛል፣ አባ? ልመለስ ብዬ አይደለም የምሄደው።»

ኢስሐቅ ልጁን ሃያ ዓመት ሙሉ ከፖሊስ ሲሸሽግ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እሷው ፖሊስ ዘንድ አድርሰኝ ትለዋለች። በማግስቱ ግን ለከፊሉ ለዐም ሳሊም ነገሩን አጫወታቸው። ሽማግሌው ሸምሲያ ደረጃው ላይ ስታስተምር ያዩ፣ የልጅ ልጃቸውም የተማረላቸው ሰው ናቸውና «እኔ ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ» አሉ።

ኅዳር ሰባት ጧት ሦስቱ በዐም ሳሊም አሮጌ መኪና ከዛሂር ወጡ። ሸምሲያ ከኋላ፣ ሻንጣዋ አጠገቧ፣ የምስክር ወረቀቷ ጭኗ ላይ። መንገዱ ኬላ ላይ ሲደርስ መኪናው ተሰልፎ ቆሟል። ከአንድ ሚኒባስ የወረዱ ልጆች ዳር ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አነጋገራቸው የወሎ ነው። ኢስሐቅ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

አንድ ወጣት ወታደር መስኮቱን አንኳኳ። የዐም ሳሊምን መታወቂያ፣ የኢስሐቅን ኢቃማ አየና ወደ ኋላ ተመለከተ።

«የሷስ?»

«የሐሪሴ ልጅ ናት» አሉ ዐም ሳሊም። «ኢቃማዋን ቤት ረስታው...»

«አልረሳሁም» አለች ሸምሲያ ጥርት ባለ ዓረብኛ። «የለኝም። ዛሬ ጅዳ ፈተና አለኝ፤ ከፈተናው በኋላ ተርሂል ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። ሻንጣዬ ይኸው፤ የፈተናው መግቢያ ይኸው።»

ኢስሐቅ ዓይኑን ጨፈነ። ወታደሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ፊደሉ ባይገባውም ፎቶዋንና ማኅተሙን አየ።

«የምን ፈተና ነው?»

«ሒሳብና አካውንቲንግ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«እኔ አንዱን አቅቶኝ ነው እዚህ የቆምኩት» አለ ወታደሩ። የከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ያ ዐም፣ ቃሏን ካልጠበቀች ተጠያቂው አንተ ነህ። ያላ፣ እለፉ።»

መኪናው ካለፈ በኋላ ሸምሲያ የሻንጣውን እጀታ ጨብጣ ያዘች። አባቷ ፊቷን እንዳያይ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ጌጤነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ጥሩ ዜና አልያዘም።

«አስራ ዘጠኝ ልጅ ተመዝግቦ የመጣችሁት አራት ብቻ ናችሁ። ሌሎቹ ከቤት መውጣት ፈርተዋል፤ የሄዱም አሉ። ፈታኙ ይቅር እያለ ነው።»

ፈታኙ አቶ ሥዩም ከዩኒቨርሲቲው የተላኩ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያሳርፉ ሰው ነበሩ። የታሸገው ፖስታ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

«ልጆች፣ ሁኔታው ለማንም ምቹ አይደለም» አሉ። «ለአራት ሰው ፈተና ከፍቶ ምሥጢሩን ማውጣት ደግሞ ለቀሩት ችግር ይሆናል። ሌላ ቀን ብንቀጥረው...»

ሸምሲያ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። መስፈርቱ ዘጠኝ ነው። ተፈታኙ ከዚህ ቁጥር ካነሰ ይሰረዛል የሚል የትኛው ላይ ነው?»

አቶ ሥዩም ወረቀቱን ፈልገው አወጡ።

«ተራ ቁጥር ስድስት የፈተናውን ቀን ይናገራል» አለች እሷ እስኪያነቡ ሳትጠብቅ። «ሰባት ቦታውን። ስምንት አርፍዶ የመጣ አይገባም ይላል። እኛ አላረፈድንም። ለእኔ ሌላ ቀን የሚባል የለም፤ ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ ተርሂል ነው የምሄደው።» ሻንጣዋን በእጇ አመለከተች።

ከአራቱ አንዱ፣ ጀሚ የሚባል ከሩዋይስ ሰፈር የመጣ ልጅ፣ «እኔም ተመልሼ የምመጣ አይመስለኝም» አለ ቀስ ብሎ።

አቶ ሥዩም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ሸምድደሽ ነው የመጣሽው?»

«ሌላ የማነበው የራሴ ወረቀት አልነበረኝም።»

ሰውዬው ፖስታውን ቀደዱት።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሒሳቡን ሸምሲያ እንደለመደችው መንገድ ሄደችበት፤ አንዱን የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ በሁለት ዘዴ ሠርታ መልሱ አንድ መሆኑን አረጋገጠች። እንግሊዝኛው ግን ከበዳት። ስለ ባቡር ሐዲድ የሚያወራውን ምንባብ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለት ጥያቄ ባዶ ትታ ወጣች።

ለቃል ጥያቄው ስትገባ አቶ ሥዩም አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። «ለምን ሁለቱንም?»

«አባቴ በሚጠብቀው ሕንፃ አስራ ሁለት ቤት አለ» አለች። «የውሃ ቦቴ ሲመጣ ሙሃሲቡ ክፍያውን ለአስራ ሁለት እኩል ያካፍለዋል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊትና ዘጠኝ ልጅ ያለው ቤት እኩል ይከፍላሉ። ‹ለምን?› ስለው ‹አሠራሩ ነው› አለኝ። በሰው ቁጥር ማካፈል እንደሚገባ አሳየሁት፤ መዝገቡ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር ግን አላወቅሁም። እሱ አሠራሩን ያውቃል፣ ምክንያቱን አያውቅም። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፣ አሠራሩን አላውቅም። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው መሆን እፈልጋለሁ።»

አቶ ሥዩም ያለችውን ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ዐም ሳሊም ተርሂሉ በር ድረስ አደረሷት። የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ፍራሹን የተሸከመ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። ኢስሐቅ ሻንጣዋን ከመኪናው አውርዶ አልሰጣትም፤ እንደያዘ ቆመ።

«አልተማርኩም» አለ። «ምን ብዬ እንደምመክርሽ አላውቅም።»

«ዱዓ አድርግልኝ አባ። ሌላውን እኔ እሠራዋለሁ።»

ሻንጣውን እግሩ ሥር አኑሮ፣ እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገላት። ከዚያ ሻንጣውን ሰጣት። ሸምሲያ ሰልፉ ውስጥ ገባችና አንድ ጊዜ ዞር ብላ እጇን አነሳች። አልቅሳለች፤ ግን ያለቀሰችው ፊቷን ወደ ሰልፉ ከመለሰች በኋላ ነው።

አስራ አንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ሴቶች ጋር ቆየች። ውሃ ወረፋ ነው፣ መኝታ ወረፋ ነው። ዓረብኛዋ ጥሩ ስለሆነ የታመመ ሲኖር ጠባቂዎቹን የምታናግረው እሷ ሆነች። በአስራ ሁለተኛው ቀን በአውሮፕላን አሳፈሯትና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ረገጠች። ብርዱ አስደነገጣት። ኮምቦልቻ እናቷ ቤት ስትደርስ ታናናሽ ወንድሞቿ አማርኛዋን እየሰሙ ሳቁባት።

ውጤቱ በታኅሣሥ ማለቂያ ወጣ። ከአራቱ ተፈታኞች ሸምሲያና ጀሚ አልፈዋል። የሷ ሒሳብ ከሁሉም ጣቢያ ተፈታኞች ሁለተኛ ነበር፤ ለእንግሊዝኛው ግን በመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ ኮርስ እንድትወስድ ታዘዘች። ጀሚ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሳይመዘገብ ቀረ።

ትምህርቱ በዋዛ አላለፈም። ካልኩለሱን እንደ ጨዋታ ተሻገረችው፤ የወጪ ሒሳብን ግን መጀመሪያ ሲ አገኘችና፣ የቢሮ ሰዓት እየጠበቀች መምህሩ እስኪሰለቹ ድረስ ጠየቀቻቸው። ሁለተኛውን ኮርስ በኤ ዘጋች። ልምምዷን ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ አደረገች፤ የመመረቂያ ጽሑፏም የፋብሪካው መጋዘን የጥሬ ዕቃ ትዕዛዙን መቼ መቼ ማድረግ እንዳለበት የሚያሳይ ነበር። ፋብሪካው ጽሑፉን ወሰደው፤ እሷንም ቀጠራት።

ዛሬ በዚያው ፋብሪካ የውስጥ ኦዲት ክፍል ኃላፊ ናት። አማርኛዋ ተስተካክሏል፤ ስትቆጣ ብቻ ዓረብኛው ያመልጣታል። ኢስሐቅ ባለፈው ዓመት ጠቅልሎ ገብቶ ከሐርቡ መውጫ ላይ ቤት እየሠራ ነው። ግንበኛው ምን ያህል ብሎኬት እንደሚያስፈልግ ሲነግረው «ቆይ» ይልና ስልኩን ያነሳል።