የአማካሪው ሣጥንና የሱቄ አድራሻ

የሱቄ ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። በርበሬና ቅመም የምሸጥባት ሱቄ እዚህ አሜሪካ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በሁለት ምግብ ቤቶች መሃል የተሰነቀረች ናት፤ ጓዳዋ መስኮት የለውም፣ ደንበኛዬ ፓርኪንግ ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ይገባል። ራቅ ብሎ ቶራንስ የሚባል ከተማ ውስጥ ኪራዩ የሚቀመስ፣ መኪና ማቆሚያ ያለው ሱቅ አግኝቼ ቃል ሰጥቻለሁ። በዚያው ሰሞን ነው የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ "እስኪ አንድ ቦታ አድርሰኝ" ያሉኝ።

ጋሼ በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተምረው ለሶቪየት የጦር አማካሪዎች ያስተረጉሙ ነበር። ሰፈሩ ከጀርባቸው "የሩሲያ ጆሮ" ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ የሰሙትን ለአንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ሹክ ይሉ እንደነበር ይምላሉ።

"ሶ፣ ለሁለቱም ነበር የሚሠሩት?" አልኳቸው መኪና ውስጥ።

"ለአንዱ በደሞዝ፣ ለአንዱ በነጻ።"

"እሱማ ስለላ አይባልም ጋሼ። ድለላ ነው።"

"ድለላ ቢሆንማ ኮሚሽን ይኖረው ነበር።"

የምንሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የአንድ የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቤተ መዛግብት ነው። የፕሬዚዳንቱ የአውሮፓና የሶቪየት ጉዳዮች አማካሪ የነበረው ሰው ወረቀቶች እዚያ ተቀምጠዋል። ጋሼ ሹክ ያሉት ነገር እስከዚያ ሰው ጠረጴዛ ድረስ እንደደረሰ አይጠራጠሩም። ይህን የምትናገር አንዲት ገጽ አግኝተው ሰፈሩ ፊት ቢዘረጓት፣ ሌላ ምኞት የላቸውም።

አድርሻቸው ልመለስ ነበር። ግን ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ዓይናቸው አይችለውም፤ አብሬ ገባሁ። ጃኬቴንና እስክሪብቶዬን አስቆልፈው እርሳስ ሰጡኝ። በአንድ ጊዜ አንድ ሣጥን፣ ከሣጥኑም አንድ ፎልደር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሠራተኛዋ ከወዲያ ሆና ዓይኗን አትነቅልም። ሱቄን ዘግቼ እዚያ ተቀምጬ ስለ ሚሳይል አነባለሁ፣ ስለ ፖላንድ አነባለሁ፤ ጋሼ እያንዳንዱን ገጽ ያስደግሙኛል። ስለ እህል ሽያጭ ያለው ጋ ስንደርስ ትንሽ ነቃ አልኩ።

በመጨረሻ የኢትዮጵያ ፎልደር መጣ። ውስጡ በሰነዱ ቦታ አንድ ባለቀለም ወረቀት ብቻ አለ፦ ሰነዱ ለአገር ደኅንነት ሲባል ከዚህ ተነሥቷል ይላል።

ይሰበራሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ። "አየህ? እኔን ነው የደበቁት!"

"እርስዎ ይሁኑ ሌላ ሰው በምን አወቁ?"

"ቀስ በል፣ ትሰማለች" አሉኝ። ሴትዮዋ ከአማርኛ "ሰላም"ን እንኳን አታውቅም።

ሰነዱ እንዲከፈት ማመልከት እንደሚቻል፣ መልሱ ግን ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል ነገረችን። ጋሼ ፎርሙን ሞሉ፤ አድራሻው ላይ የሱቄን ጻፉ። ከልጅ ቤት ልጅ ቤት የሚዘዋወሩ ሰው ናቸው፤ እንደሳቸው ቋሚ ቤት የሌለው ሁሉ ፖስታው እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ስለለመድኩት ልብ አላልኩትም። የባነንኩት ፍሪዌይ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ልለቅ ነው! የቶራንሱን አድራሻ እንስጣቸው።"

"ኬዝ ፔንዲንግ እያለ፣ ጉዳዩ ሳይወሰን፣ አድራሻ ይቀየራል?"

"ፖስታ ቤቱ ራሱ ወደ አዲሱ ያስተላልፋል።"

"ያኔም እንደሱ ነበር ያሉኝ።"

ያኔ ያሉት ጥገኝነት የጠየቁ ጊዜ ነው። ቤት ቀየሩ፣ የቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ቀረ፣ ከወረፋው ጭራ እንደገና ጀመሩ። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ሆነው ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ አረፉ። እኔ ራሴ የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪወጣ የሻገተ ቤት ለቅቄ አልወጣሁም።

ለቶራንሱ ሱቅ ባለቤት ደውዬ፣ እንደማልከራየው ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጋሼ ፖስተኛው በሚመጣበት ሰዓት እየመጡ ካውንተሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳቸዋል፤ አይሄዱም።

አከራዬ ኪራዩን ጨምሮ አዲሱን ሊዝ ያመጣ ዕለትም እዚያው ነበሩ። ሰውዬው እስኪወጣ ጠበቁ።

"ፈረምክ?"

"ፈረምኩ።"

"ለስንት ዓመት?"

"ለአምስት።"

መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አያንስም?" አሉ።