የብርቄ ቅቤ

ሳጉሬ ውስጥ ብርቄ ቅቤ ያላስዋጠችው ሕፃን ቢፈለግ እንኳ በቀላሉ አይገኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሰፈሩ እገሊት ወለደች ሲባል ለጋ ቅቤ የሞላውን ጣሳዋን በነጠላዋ ሸፍና ከተፍ ትላለች። በትንሿ ጣቷ ጫፍ ታነሣና "ጉሮሮው ይለስልስ" ብላ ታስውጠዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥ እያሉ ቤት ለቤት ሲለፉ ከርመዋል። ብርቄ ቁጭ ብላ ታዳምጣቸዋለች፣ ትመርቃቸዋለች፣ ከወጡ በኋላ የፈለገችውን ታደርጋለች። ግትር ናት እንጂ ክፉ አይደለችም። እንዲያውም ጉድ የሠራት ደግነቷ ነው።

አንድያ ልጇ ሃኒ ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወልዳ ቤት ገባች። ሕፃኗ ከአፏ ነጭ አረፋ ትደፍቃለች፤ ጡት ስትይዝ ሳል ያጣድፋታል፣ ወተቱም በአፍንጫዋ ይመለሳል። አዋላጇ አረፋው ካልቆመ ቶሎ መልሱልኝ ብላ ነበር። ብርቄ ግን ጉሮሮዋ ደርቆ ነው አለች። ሃኒን ድካም ጥሏት እንቅልፍ ሲወስዳት ጣሳውን ከፈተች። አንዴ አስዋጠቻት። አረፋው አልቆም ሲላት ደገመቻት። ሕፃኗ ትን አላት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ብርቄ ደፍታ ይዛ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ስታደርግ ትንፋሿ ተመለሰ። የልጅቱን አፍ በነጠላዋ ጠርጋ ሃኒን ቀሰቀሰቻት፤ በሚኒባስም አሰላ ሆስፒታል ገቡ።

ነርሷ በሕፃኗ አፍ ከጡት ሌላ የገባ ነገር አለ ወይ ስትል ሃኒ ምንም የለም አለች። የምታውቀው ይህንኑ ነው። ብርቄ ቅቤ የነካውን የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈችው።

ዶክተር ለሊሳ ቀጭን ቱቦ በሕፃኗ አፍ አስገባ። ቱቦው ጥቂት ወርዶ ቆመ። አውጥቶ እንደገና ሞከረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። የምግብ ቧንቧዋ መሐል ላይ ዝግ ነው፣ ስትፈጠርም እንዲሁ ነበር፣ የዋጠችው ሆዷ አይደርስም፣ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል ሲል አስረዳቸው። አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ይቀጠላል አለ። ከዚያ ደረቷን አዳመጠ፤ ደጋግሞ አዳመጠ። ፊቱ ተለወጠና ወደ ብርቄ ዞረ።

"አዮ" አላት፣ እናቱን እንደሚጠራ። "የሰጧት ነገር ካለ አይደብቁኝ። የማደርገው ሁሉ በእሱ ነው የሚወሰነው።"

ብርቄ ልጇን አየች። ብትናገር ሃኒን ታጣለች፤ ዝም ብትል ሕፃኗን።

"ቅቤ" አለች። "ሁለቴ።"

ሃኒ ትከሻዋን ከእናቷ ነጠላ ሥር አወጣችና ሄዳ ከግድግዳው ጋር ቆመች። ሐኪሙ ሕፃኗን ኦክስጅን ላይ አደረጋት። ሳንባዋ ሳይጠራ ቀዶ ሕክምና እንደማይታሰብ፣ በዚህ ትንፋሽ መንገዱንም እንደማትችል ተናገረ። ትተርፋለች ወይ ብላ ሃኒ ስትጠይቀው እንጠብቅ አላት።

ብርቄ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ቱቦው ሲቆም ያየችው ዓይኗ ላይ አለ። ከእሱ ጋር ሌላ ሕፃን መጣባት፤ የጎረቤቷ የፀዲ የበኩር ልጅ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። እሱም አረፋ ይደፍቅ ነበር፣ እሱንም አስውጣዋለች፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እግዜር ወሰደው ተባለ። ፀዲ ያኔ ስለ ልፋትዎ ብላ የብርቄን እጅ ስማ ነበር። ያንን እጇን አሁን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ስልኳ ጮኸ። ፀዲ ናት፤ ጥጃዋን እንድታይላት ብርቄ የቤቱን ቁልፍ ትታላት ነው የመጣችው። የሕፃኗን ነገር ጠየቀች። ከዚያ የሰፈራቸው ሙቢና ወንድ ልጅ መገላገሏን ነገረቻት።

"እርስዎ እስኪመጡ እኔ ላስውጥልዎት ብዬ ነው፤ ጣሳውን የት ነው ያስቀመጡት እትዬ ብርቄ?"

"ድፊው።"

"ምን አሉኝ?"

"ድፊው ፀዲ። ያንቺም ልጅ ያው አረፋ ነበረው። እግዜር አይደለም፤ ቅቤውን ያስዋጥኩት እኔ ነኝ።"

ፀዲ ስልኩን አልዘጋችውም። ብርቄ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው፣ ከሳጉሬ የጥጃዋ ድምፅ ብቻ ይሰማት ነበር።