የተነቀለው ገመድ

ሠልጣኞቹ ከጀርባዋ «እትዬ ኔትወርክ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም። ዕድሜዋን በጠመኔ ስታስተምር ኖራ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው በስተርጅና የኢንተርኔትን ትምህርት እንድታስተምር ሲሰጣት ባሏ በሳቅ ሊሞት ነበር። «ስልክሽ ሲዘጋ እኔን የምትጣሪ ሴት እኮ ነሽ» አላት። እልህ ያዛት። መጀመሪያ ተማረች፣ ከዚያ አስተማረች።

ምክሯ አጭር ነው። ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን ሁሉ አትመኑ፤ የወደዳችሁትን አውርዳችሁ ያዙ፣ ኔትወርክ ሰው አያከብርም።

ነገሩ ከሁሉም በላይ የገባት አንዲት የምትንተባተብ ሠልጣኝ ነበረች። ለየትኛውም ትምህርት የሚሆን ቪዲዮ ከየትም ብላ ታመጣለች። ችግሩ፣ ቪዲዮውን ትከፍትና እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ሌላ ሰው ያስተምርላታል። እትዬ ኔትወርክ ይህን ባየች ቁጥር አንጀቷን ይበላታል፤ ትናደዳለችም። መደበቂያውን ያሳየቻት ራሷ ናት።

የመጨረሻው የማስተማር ፈተና ደረሰ። ልጅቱ ይህን ካላለፈች መምህርነቱ ቀረ። ሠልጣኟ የአንድ ክፍል ሕፃናት ፊት ቆማ ስለ ልብ የሚያወራ ቪዲዮ ከፈተች። አንድ ድምፁ የሚያምር ሰውዬ ማስረዳት ጀመረ፤ እሷም ወደ ግድግዳዋ ሄደች። ፈታኟ እትዬ ኔትወርክ የተቀመጠችው ከኋላ፣ የኢንተርኔቱ ገመድ የተሰካበት ጥግ ነበር። እጇን ቀስ ብላ ሰደደችና ነቀለችው።

ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ቀረ። እትዬ ኔትወርክን ወዲያው ፀፀት ያዛት። የልጅቱን እንጀራ በገዛ እጇ የዘጋች መሰላት።

ሠልጣኟ ስክሪኑን አየች፣ ሕፃናቱን አየች። እጇን ኪሷ ከተተች፤ ጥቂት ቆይታ ባዶውን አወጣችው።

«ል... ል...»

«ልብ!» አለች ከፊት የተቀመጠች ተማሪ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሠልጣኟም ፈገግ አለች።

«እ... እሱ ራሱ። ጣታችሁን አ... አንገታችሁ ላይ አድርጉ።»

ሕፃናቱ የልባቸውን ምት አንገታቸው ላይ ፈለጉ።

«የኔ የለም» አለ አንዱ ደንግጦ። ሄዳ ጣቱን ይዛ ቦታውን አሳየችው። ከዚያ አዘለለቻቸውና እንደገና አስዳሰሰቻቸው። እየተንተባተበች እስከ ደወሉ አስተማረች። ፈታኟ ማርክ መስጠቱን ረስታ የራሷን አንገት ይዛ ነበር።

ሕፃናቱ ሲወጡ ጠራቻት። «ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«አይቼዎታለሁ።» ሠልጣኟ ከኪሷ ፍላሽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቪ... ቪዲዮው እዚህ ላይ ነበር። አውርዳችሁ ያዙ ብለውን የለ?»

«ታዲያ ምነው ሳትከፍችው?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ያዛት። እትዬ ኔትወርክ ልትጨርስላት አልሞከረችም፤ ጠበቀቻት።

«ል... ልጆቹ የሚያዩት እኔን ነበር» አለች።