አራስ ቤት የሸተተኝ ነጭ ሽንኩርት

ለሥራው ከመውጣታችን በፊት ሕጉን በቃላችን አጥንተናል። ከየቤቱ የምንሰበስበው ትርፍ የእርሻ መርዝ ከኋላ ይጫናል እንጂ ጋቢና አይገባም። መርዝ የጫነ መኪና ከእኛ ከሠራተኞቹ በቀር ሰው አያሳፍርም፤ የሚበላ ነገርም አይጭንም። ጭነቱ ያለ ጠባቂ አይቆምም። የነቀዝ ኪኒን ውሃ አይንካው፤ እርጥበት ካገኘ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ያ ሽታ ከመጣ ሰው ይውጣ፣ በር ይከፈት፣ ማንም አይግባ።

ደግሞ «መድኃኒት አትበሉት፤ መርዝ በሉት» ተብለናል። ተገቢ ነው። በእኛ አገር የአረሙንም የነቀዙንም መርዝ ሁሉም መድኃኒት ነው የሚለው። በኦሮምኛም ቆሪቻ ነው፤ ሐኪም የሚሰጠውም፣ ስንዴ ላይ የሚረጨውም። በዚህ ስም እየጠሩት ማን ይፈራዋል?

በዚያ ቀን እኔና ሾፌሩ ከሮቤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ መንደሮችን ስናዳርስ ውለን የመጨረሻው ቤት ደረስን። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ነፋሱ ቆዳ ይልጣል። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«እንደምን ዋሉ እማማ? የተረፈ መርዝ ካለ ልንወስድ ነው የመጣነው።»

«መርዝ?» አሉ። «እኔ ቤት? ወዲያ! አራስ ተኝታለች። የምን መርዝ ነው በአራስ ደጅ የሚጠራው!»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። ልመለስ ስል ነፋሱ በሩን ገፋ አደረገውና የቤቱ ሽታ ወጣ።

«እማማ፣ ነጭ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር?»

«ለአራስ ቤት ነጭ ሽንኩርት ብርቅ ነው? ከራስጌዋ አንጠልጥዬላታለሁ፤ ለቡዳ።»

ሾፌሩ በመስኮቱ ሳቀ። «እትዬ፣ ይምጡ እንሂድ! ቡዳ መስለናቸዋል።»

ለእኔም እናቴ ስወልድ እንዲሁ አድርጋልኛለች። በእምነቴ አልወደውም፤ ዝም ብዬ ግን ተቀብዬዋለሁ። ስለዚህ ሽታው አላስደነቀኝም። ከበሩ ዞር ስል ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ፤ እናት ለእናት የምትጠይቀው ነገር።

«ሕፃኑ ይጠባል?»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። «ከጠዋት ጀምሮ እንቢ አለኝ። እሷም ራሴን ትላለች፤ ያቅለሸልሻታል። አራስ አይደለች?»

ሞተሩን አጥፋ ብዬ ለሾፌሩ በእጄ ጠቀስኩት።

«እማማ፣ የነቀዝ መድኃኒት አለዎት?»

«እሱማ አለ! ልጄ ጊኒር ከብት ሊሸጥ ሳይሄድ ለስንዴው ያመጣው። የጎረቤት ልጆች እንዳይነኩት ከአልጋዋ ሥር ሸጉጬዋለሁ። መድኃኒት አይደል? ከአራስ ጋር ቢያድር ምን ያደርጋል?»

«ውሃ ነክቶታል?»

«ምን ውሃ ይነካዋል? ዛሬ ወለሉን ረጭቼ ጠረግሁ እንጂ።»

አሮጊቷ የቆሙት በበሩ መካከል ነው። ሕጉ አትግቢ ይላል፤ አራሷና ልጇ ውስጥ ናቸው። ደግሞስ ሽታው የተንጠለጠለው ነጭ ሽንኩርት ብቻ ቢሆንስ? ያልተጠመቀ ሕፃን በዚያ ብርድ አውጥቼ ቢታመም ለእግዚአብሔር ምን እመልሳለሁ?

«እማማ፣ ይጥሯት። አሁኑኑ ትውጣ።»

«አራስ? በዚህ ነፋስ? አብደሻል ልጄ? ምች ቢመታት፣ ልጁ ቢሞት በእጅሽ ነው!»

«በእጄ ይሁን» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

እሳቸው አልንቀሳቀስ ሲሉ በትከሻቸው ላይ ተጣራሁ። «እኅቴ! ልጁን ይዘሽ ነይ! ተነሺ!»

መልስ የለም። ሾፌሩ ጭንብሉን ከመኪናው እየጎተተ ሮጦ መጣ። ሳቁ ጠፍቷል። ደግሜ ተጣራሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ እግር ሲጎተት። ግድግዳውን እየደገፈች መጣች፤ ልጅ እግር ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። አሮጊቷ አማቷ ይኼኔ ደንገጥ ብለው ከበሩ ሥር ቢላዋ አንሥተው እጇ ላይ አስያዟት፤ አራስ ያለ ብረት አትወጣምና። ሕፃኑን ተቀበልኳት። በጣም ቀሊል፣ በጣም ዝም ያለ ልጅ ነበር።

ከጭድ ክምሩ ጀርባ፣ ነፋሱ ከቤቱ ወደ እኛ በማያመጣበት በኩል አስቀመጥናት። ጋቢዬን አለበስኳት። ሾፌሩ ወደ ጤና ጣቢያው ደውሎ አምቡላንስ ጠየቀ። መጣን አሉ።

«መኪና እዚህ ቆሞ የምን አምቡላንስ ነው?» አሉ አሮጊቷ። «አስገቧት እንጂ! መኪናችሁ ከልጄ ይበልጣል?»

ሾፌሩ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ጋቢናው ይሞቃል። ሕጉን ማን ያያል?»

አመነታሁ። ልጁ እጄ ላይ ነው፤ መኪናው አጠገቤ ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ጋቢና ውስጥ ዓይኔ ሲቃጠል ውሏል። ከኋላችን የጫንነው ክዳኑ የላላ፣ ጠርሙሱ የተሰነጠቀ የአረም መርዝ ነው። ከአንዱ መርዝ አውጥቼ ሌላው ላይ ላስቀምጠው?

«እንቢ» አልኩ። «አየሩ ይበቃዋል። አምቡላንሱን እንጠብቅ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ጠበቅን። ከዚያ በላይ ረዥም ጊዜ አላውቅም። በመንገዱ ላይ አንድ ነገር በታየ ቁጥር እንነሣለን፤ ጋሪ ይሆናል፣ ወይም የገሰራ አውቶቡስ። የሕፃኑን ደረት እያየሁ እመ ብርሃንን እለምናለሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ «አታሳፍሪኝ» ብቻ። እናቱ ዛፍ እንደያዘች ሁሉ ቢላዋውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች።

መጀመሪያ አፉን አጣመመ። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ አወጣ። አለቀሰ። ለእናቱ ሰጠኋት። ፈለገ፣ ሳተ፣ እንደ ገና ፈለገ፤ ጠባ።

አሮጊቷ እዚያው ጭዱ ላይ ተንበረከኩ።

ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ሾፌሩ ጭንብልና ጓንት አድርጎ ገባ። ጣሳውን በደረቅ ባልዲ ይዞ ወጣና ከሩቅ አሳየኝ። ክዳን የለውም፤ ቁራጭ ፌስታል ነው የታሰረበት። ሥሩ ዝጎ ተበስቷል። ከኪኒኖቹ ብዙዎቹ ግራጫ ዱቄት ሆነዋል።

«ነጭ ሽንኩርቱ አይደለም» አለ በጭንብሉ ውስጥ።

አምቡላንሱ ሲመጣ አራሷንና ልጇን አስተኙ። አሮጊቷ ለመሳፈር እግራቸውን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«መጀመሪያ መርዝ ስትዪኝ የሰደብሽኝ መስሎኝ ነው፤ ልጄ» አሉ። «ያኔውኑ መድኃኒት ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አወጣልሽ ነበር።»

ዛሬም በየደጁ ሁለቱንም ስም እጠራለሁ፤ መጀመሪያ እነሱ የሚያውቁትን፣ ቀጥሎ እውነተኛውን።

ጣሳውን ከኋላ፣ ከሌላው ጭነት ለይተን፣ ዝናብ እንዳይነካው ሸራ ጋርደን፣ መስኮታችንን ከፍተን ሮቤ ገባን። የትም አልቆምንም፤ ምሳም አልበላንም። አራሷንና ልጁን ጎባ ሆስፒታል ወስደው አሳደሯቸው። በማግስቱ ደህና ናቸው የሚል ስልክ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ተመስገን።

ሕፃኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ አሮጊቷ ሮቤ ገበያ መጥተው ቢሮአችንን ጠይቀው አገኙኝ። ከጓሯቸው የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት፣ አገዳው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ አስታቀፉኝ።

ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ጮኸ። «እማማ፣ አሁንም ሊያባርሩን ነው?»

«አንተን እንጂ እሷን ማን ያባርራታል?» አሉት።

ያን ቀን የቢሮው መኪና በእኔ ሰፈር በኩል ያልፍ ነበር። ሾፌሩ ይግቡ ብሎ በሩን ከፈተልኝ፤ ከኋላው ግን የመርዝ ጭነት አለ። ነጭ ሽንኩርቱን ታቅፌ በእግሬ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ስከትፍ መስኮቱን ከፈትኩት። ልጆቼ ብርድ ነው ብለው ተነጫነጩ። እያንዳንዳቸውን አየሁ፤ ምሳቸውን እየበሉ ነበር፤ እንቢ ያለ የለም።