የአባቴ ጉልበትና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በማለዳ የተሳፈርነው ለአባቴ ጉልበት ስንል ነው። አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የእግር ስፌት መኪና ሲረግጡ ኖረው አሁን ቀኝ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መኪናውን የሚገዛ ጎረቤትም ተገኝቷል። «ከሕክምናው እስክመለስ ታገሰኝ» ብለውት ነው የወጡት። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ነበር፤ ሸኖ ላይ የገዛሁላቸውን ዳቦ እንኳ አልነኩትም።

ፒያሳ፣ ከቀትር በፊት

ላምበረት ወርደን በታክሲ ምኒልክ አደባባይ ደረስን። አባባ በወጣትነታቸው ጨርቅ የሚገዙበት ሱቅ ከነሕንፃው የለም፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ ሰው እንደ ልቡ ይራመዳል።

«ለእግር የሚመች መንገድ የተሠራው የኔ እግር ካለቀ በኋላ ነው» አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አክስቴ ቤት አረፍን።

ክሊኒኩ

ፊዚዮቴራፒስቷ ሰብለ ትባላለች፤ ቀልጣፋ ወጣት ናት። ጉልበታቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን ጫፍ በላዩ ላይ በቀስታ ታዞር ጀመር።

«ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው፣ አባባ። አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ መሃል ላይ ያለው ለምአጥንት ሳስቷል። ድምፁ የለምአጥንቱን ሕዋሳት ቀስቅሶ እንዲጠገኑ ያግዝ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። እኔ የምሞክረው ሕመሙን ለማስታገስ ነው፤ ስፖርትም አሠራዎታለሁ። ካቃጠለዎት ወዲያው ይንገሩኝ። እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሞቀዎት?»

«ተመስገን።»

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን ሰብለ የእግራቸው ጣቶች ኩርምት ማለታቸውን አይታ መሣሪያውን አነሳች።

«እያቃጠለዎት ነው አይደል?»

«ትንሽ። አንቺ ለኔ እየደከምሽ ላማርር እንዴ፣ ልጄ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መሣሪያው የት እንደሚያምዎት አያውቅም። እርስዎ ካልነገሩኝ በጨለማ ነው የምዳብሰው። ምስጋናውን ለእግዚአብሔር፣ ሕመሙን ለኔ።»

ኃይሉን ቀነሰችላቸው። እኔ ግን አፈርኩ። ስንት ዓመት «እንዴት አደሩ?» ብዬ፣ ተመስገን ሲሉኝ ደህና ናቸው ብዬ ኖሬአለሁ!

ከዚያ በኋላ አባባ መናገር ጀመሩ፤ አንድ ቀን «እዚህ ጋ ነው»፣ ሌላ ቀን «ከውስጥ ነው» ይሏታል። ሕክምናው ባለቀ ቀን ከአትክልት ተራ ብርቱካን ገዝተው ወደ ክሊኒኩ የሚያወጣውን ዳገት ሁለት ጊዜ ብቻ አርፈው ወጡና ለሰብለ ሰጧት። እጇን ይዘው ብዙ መረቋት፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ

ገዢው ጎረቤት ደጃፋችን ላይ ጠበቀን። አባባ ሰላም ብለውት የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ፤ ቁራጭ ጨርቅ አስገብተው ረገጡ። አንድ እጅጌ ያህል ሰፍተው አቆሙ።

«እንዴት ነው፣ ጋሽ ደምሴ?» አላቸው ጎረቤቱ።

«ተመስገን» ሊሉት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ያመኛል» አሉ። «ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ከግማሽ ቀን በላይ አልሰፋም እንጂ መኪናዬንስ አልሸጥም።»

አባቴ በሰፈር ሰው ፊት «ያመኛል» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበታቸው ምን ያህል እንደተጠገነ አላውቅም፤ የት እንደሚያማቸው ግን አሁን አውቃለሁ። ሰብለን በልቤ አመስግኜ ለጉልበታቸው ማሳረፊያ ትራስ ላመጣላቸው ገባሁ።